ትንንሾቹ የት አሉ? ከቼሳፒክ እስከ ኬፕ ኮድ፣ ስድስት ቀን ከስትራይፐር ኋላ

ኤፕሪል 28፣ 2025፣ ሰኞ፤ ሜሪላንድ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጣን። እኔ እነዳለሁ፣ ጋሼ አጠገቤ ናቸው፣ አራት የማጥመጃ ዘንግ ከኋላ ተጋድሟል። ጋሼ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ግን ዓሣ ማጥመድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ዲሲ ታክሲ ሲነዱ ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ድፎ ዳቦና ቋንጣ ፍርፍር ቋጥረውልናል። ፋሲካ ካለፈ ገና ስምንት ቀኑ ነው፣ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፣ ለመንገደኛ የተመቸ ሰሞን ነው።

የምንከተለው ዓሣ ስትራይፕድ ባስ ይባላል። ከጆሮ ግንዱ እስከ ጭራው ሰባት ስምንት ጥቁር መስመር የተሰመረበት፣ ብርማ፣ ጡንቻማ ዓሣ ነው። እኛ ሰፈር ሮክፊሽ ይሉታል፣ ከኒው ጀርሲ ወደ ላይ ደግሞ ስትራይፐር። የሚኖረው ባሕር ውስጥ ነው፣ እንቁላሉን የሚጥለው ግን በጸደይ ወንዝ ገብቶ ነው። ከዚያ ይወጣና ዳር ዳሩን ይዞ ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ እስከ ማሳቹሴትስ፣ እስከ ሜይን። በአትላንቲክ ዳርቻ ከሚያዘው አብዛኛው እኛ ጋ ያለው የቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ልጅ ነው። እኛም በመንገዱ እንሂድና ያገኘነውን አጥማጅ ሁሉ አንድ ነገር እንጠይቅ አልን፦ ዘንድሮ እንዴት ይሆናል?

መጀመሪያ የቆምነው ሳንዲ ፖይንት፣ ቤይ ብሪጅ ሥር ነው። ዘንጎቹን ከመኪና አላወረድንም። በ2025 ሜሪላንድ ውስጥ ከኤፕሪል 1 እስከ ሜይ 15 ሮክፊሽ ማጥመድ ክልክል ነበር፣ ይዞ መልቀቅ እንኳ አይፈቀድም ነበር። እናቶቹ እንቁላል እየጣሉ ስለሆነ ነው። ዳር ላይ የነበሩት ሰዎች ዋይት ፐርች የሚባል ዓሣና የኛው አምባዛ ዘመድ የሆነውን ካትፊሽ ነበር የሚያጠምዱት። አንዱ፣ ከጠዋቱ ጀምሮ ባልዲው ግማሽ የደረሰለት ሰውዬ፣ ዘንድሮ ጥሩ ነው አለን። ባለፈው መኸር ትላልቅ ሮክ በብዛት አይቷል። አጠገቡ ያለው ጓደኛው ራሱን ነቀነቀ። «ትላልቁን ተወው፣ ትንሹን ስንት አየህ?» አለው። የመጀመሪያው ዝም አለ።

ይቺ ጥያቄ ናት ስድስቱን ቀን አብራን የሄደችው።

ሜሪላንድ ከ1954 ጀምሮ በየበጋው አንድ ቆጠራ ታካሂዳለች። ሠራተኞች 22 ቦታ ላይ 100 ጫማ ርዝመት ያለው መረብ ከዳር እየጎተቱ በዚያ ዓመት የተፈለፈሉትን የስትራይፐር ጫጩቶች ይቆጥራሉ። በአንድ ጉተታ በአማካይ ስንት ተገኘ፣ እሱ ነው ቁጥሩ። የረጅም ጊዜው አማካይ 11 ገደማ ነው። በ2011 34.6 ነበር። በ2015 24.2፣ በ2018 14.8። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። 2019 ላይ 3.4፣ ቀጥሎ 2.5፣ 3.2፣ 3.6፣ ከዚያ በ2023 1.0፣ ባለፈው ዓመት 2.0። ስድስት ዓመት በተከታታይ ማለት ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ትልቁ ግን አየሩ ይመስላል። ክረምቱ ሲቀዘቅዝና ጸደዩ ዝናብ ሲያገኝ ጫጩቶቹ የሚበሉት ደቃቅ ነፍሳት በሰዓቱ ይፈላል፣ ክረምቱ ሲሞቅና ሲደርቅ ምግቡ ቀድሞ ይመጣና ጫጩቱ ሲደርስ ገበታው ተነስቷል። ባልዲ የያዘው ሰውዬ ደግሞ ብሉ ካትፊሽን ይከሳል። ከሌላ ቦታ አምጥተው ቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ የለቀቁት ዓሣ ነው፣ አሁን ቼሳፒክን ሞልቶታል፣ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል።

ጋሼ ድልድዩን እያዩ ቆዩና የ1985ቱን ነገር አነሱ። ያኔ ዓሣው አልቆ ሜሪላንድ ሙሉ በሙሉ ዘጋችው፣ እስከ 1990። አምስት ዓመት አንድም ሮክፊሽ ከዚህ ውሃ በሕግ አልወጣም። «ያን ጊዜ ሰው አልቅሷል» አሉኝ። «እኔ ገና ዘንግ መግዛቴ ነበር። ግን ተመለሰ ልጄ። ተዘግቶ ነው የተመለሰው።» በ1995 ዓሣው አገግሟል ተብሎ ታወጀ። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ናቸው ለብዙ ሰው የስትራይፐር ወርቃማ ዘመን።

ማታ ሃቨር ደ ግሬስ አለፍን። ሳስኳሃና ወንዝ ቼሳፒክ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ነው፣ በ1827 የተሠራ ነጭ የመብራት ግንብ አለው። ድሮ በዚህ ሰሞን ጀልባ በጀልባ ይሆን ነበር፣ ሰው ከየአገሩ ይመጣ ነበር ይይዝና ይለቅ ነበር። ዛሬ ውሃው ላይ ማንም የለም። ጋሼ ጸጥታውን ወደዱት። «ይውለዱ» አሉ።

ኤፕሪል 29፣ ማክሰኞ፤ ራሪታን ቤይ፣ ኒው ጀርሲ

እዚህ ክፍት ነው። ዛሬ ዘንግ ወረደ።

ራሪታን ቤይ በኒው ጀርሲና በስታተን አይላንድ መካከል ያለ ውሃ ነው። ጥልቀት የለውም፣ ወለሉ ጭቃ ነው፣ ስለዚህ በጸደይ ቶሎ ይሞቃል። ዓሣው ወደ ሃድሰን ወንዝ ከመግባቱ በፊት እዚህ ይቆያል፣ ይበላል። የሚበላው ባንከር ነው፣ ቅባታም፣ መንጋ መንጋውን የሚሄድ ዓሣ። ዩንየን ቢች ዳር ላይ ስንቆም ማንሃተን ከሩቅ ይታያል፣ ከፊታችን ጀልባ በጀልባ ነው።

ዳር ላይ ወደ ሃያ ሰው ነበር። ሁሉም ደስ ብሎታል። እዚህ የጠየቅነው ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ እንዲህ ያለ ኤፕሪል ማየት ብርቅ ነው፣ ሜይ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል፣ ጁን ላይ ዓሣው ባሕሩ ዳር ይወርድና እስከ ሰሜን ድረስ ይሞላል። አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየን፣ ሁሉም ክንድ ክንድ የሚያክሉ። ትንሽ ዓሣ አለ ወይ አልኩት። አሰበና «እሱስ አላየሁም፣ ትናንሾቹን ማን ይፈልጋል?» አለኝ።

ለ11 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል የኔ ዘንግ ጎበጠ። የባንከር ቁራጭ ነበር የሰካሁት፣ በሰርክል ሁክ። ሰርክል ሁክ ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረ መንጠቆ ነው፣ ዓሣው ቢውጠው እንኳ ሆዱን አይወጋም፣ ሲወጣ የከንፈሩን ጥግ ነው የሚይዘው። በሥጋ ለሚያጠምድ ሰው ግዴታ ነው አሁን። ዓሣዋ ክሩን ይዛ ሄደች። ሄደች ስል በቃ ሄደች፣ የክር መጠቅለያው ሪል እየጮኸ ሰባ ሰማንያ ሜትር ወሰደችው፣ እኔ አሸዋው ላይ እየተከተልኳት ጎረቤቶቼ ዘንጋቸውን ከፍ እያደረጉ ያሳልፉኛል፣ ጋሼ ከኋላ «አትጎትት! ተዋት! ትድከም!» ይላሉ። አሥር ደቂቃ ያህል ፈጀ። ስትወጣ 34 ኢንች ነበረች። ሰማንያ ስድስት ሳንቲሜትር። ሆዷ ሙሉ፣ እናት ናት።

ሕጉ ከ28 እስከ 31 ኢንች ነው። ስሎት ይሉታል። ከዚያ ያነሰም የበለጠም አይወሰድም፣ የሚወሰደውም በቀን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ትመለሳለች። ሕጉ ባይኖርም እመልሳት ነበር። ጋሼ እርጥብ እጃቸውን ከሆዷ ሥር አድርገው አቀፏት፣ በመንጋጋ አንጠልጥሎ ፎቶ መነሳት አይወዱም፣ የውስጥ አካሏን ይጎዳል። ውሃ ውስጥ ፊቷን ወደ ሞገዱ አድርገው ይዘው ቆዩ። ጭራዋን ስትመታ ለቀቋት። ባለሙያዎቹ ከሚለቀቁት 100 ዓሣዎች 9 ይሞታሉ ብለው ነው የሚያሰሉት። ዘጠኝ ትንሽ ይመስላል፣ ግን በዓመት የሚለቀቀው በሚሊዮን ነው።

ማታ ሞቴል ውስጥ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። በዚህ ቁመት ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ይሆናታል። የ2015 ልጅ ናት ማለት ነው። ዳር ላይ የነበረው ደስታ ሁሉ፣ የዚያ ልጅ ስልክ ላይ ያሉት ፎቶዎች ሁሉ፣ በአብዛኛው የ2015 ዓሣ ነው። የ2018ቶቹ ደግሞ አሁን ሰባት ዓመታቸው ነው፣ ዘንድሮ ነው ልክ ስሎቱ ውስጥ የሚገቡት። ከነሱ በኋላ የሚከተል ብዙ ዓሣ የለም። አጥማጁ የሚተነብየው ክሩ ጫፍ ላይ ባገኘው ነው፣ ክሩ ጫፍ ላይ ያለው ደግሞ የዛሬ አሥር ዓመት የዘነበው ዝናብ ነው።

ኤፕሪል 30፣ ረቡዕ፤ ሃድሰን ወንዝ

በማንሃተን ምዕራብ ዳር፣ በዌስት ሳይድ ሀይዌይ ነው የወጣነው። እዚህ ጋ ጋሼ ሁልጊዜ የሚያወሩት ታሪክ አለ። በ1970ዎቹ ከተማዋ ዌስትዌይ የሚባል ትልቅ መንገድ ልትሠራ ነበር፣ የሃድሰንን ዳር በአፈር ሞልታ፣ መንገዱን ከሥር አድርጋ፣ ከላይ መናፈሻና ሕንፃ ልትሠራበት። ገንዘቡ ተገኝቷል፣ ፖለቲከኞቹ ተስማምተዋል። ከዚያ ሲጠና ምን ተገኘ? በነዚያ የበሰበሱ የወደብ ምሰሶዎች መካከል የስትራይፐር ልጆች ክረምቱን ይከርማሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ዳኛው የዓሣው ነገር በትክክል አልተጠናም ብሎ አገደው፣ በ1985 ፕሮጀክቱ ተተወ። «ይኸው ያ ዓሣ ያቆመው መንገድ» ብለው ጋሼ ወደ ውሃው አመለከቱኝ። እኔ ይሄን ታሪክ ስሰማ ሁሌ ደስ ይለኛል። ትልቅ ከተማ ለትንሽ ዓሣ የቆመበት ቀን ነው።

ወደ ላይ ስቶርም ኪንግ ተራራ ጋ ስንደርስ ሁለተኛው ታሪክ መጣ። በ1962 እዚህ ተራራ ሥር ከወንዙ ውሃ እየሳበ ወደ ላይ የሚያወጣ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሊሠራ ታስቦ ነበር። የአካባቢው ሰው ተከራከረ። ለውበቱም፣ ለዓሣውም፣ ምክንያቱም ፓምፑ እንቁላሉንና ጫጩቱን አብሮ ይስበው ነበር። ክርክሩ አሥራ ስምንት ዓመት ፈጅቶ በ1980 በስምምነት አለቀ፣ ማመንጫውም ቀረ። ያው ወንዝ ሌላ ጉዳትም ደርሶበታል። ከላይ ያሉ ፋብሪካዎች ፒሲቢ የሚባል ኬሚካል ለብዙ ዓመታት ለቀውበታል፣ በ1976 ስትራይፐርን ከሃድሰን ለንግድ ማውጣት ተከለከለ። ዛሬም ሕፃናትና መውለድ የሚችሉ ሴቶች ከዚህ ወንዝ ዓሣ እንዳይበሉ የጤና ምክር አለ።

ኒውበርግ ዳር ላይ ጀልባ የሚያወርዱ ሁለት ወንድማማቾች አገኘን። የሚያጠምዱት በሕይወት ባለ ሄሪንግ ነው፣ መጀመሪያ ሄሪንጉን በትንንሽ መንጠቆዎች ይይዛሉ፣ ከዚያ እሱን ለትልቁ ያቀርባሉ። የነሱ ትንቢት በአበባ ነው። ቢጫው ፎርሲቲያ ሲፈነዳ ዓሣው ወንዙ ውስጥ ገባ ማለት ነው፣ ላይላክ ሲያብብ ትላልቆቹ ደረሱ ማለት ነው። አደይ ሲፈነዳ መስከረም ጠባ እንደምንለው። ዘንድሮ ላይላኩ ገና እንቡጥ ነው። «ሁለት ሳምንት» አሉ። እዚህ ወንዝ ውስጥ የሚወሰደው ከ23 እስከ 28 ኢንች ነው፣ ትልቁ ወንድም ይሄን ይደግፋል። ታናሹ አይስማማም። ትንሽ ቆመን ሲከራከሩ ሰማን። ታናሹ የሚለው፣ እንግዲህ ወጣቱን በላነው ማለት ነው። ትልቁ የሚለው፣ እናቶቹን እናትርፍ። ሁለቱም ዓሣውን ይወዱታል፣ ያ ከፊታቸው ይታያል።

እኛ ከዳር አንድ ሰዓት ሞከርን። ምንም።

ሜይ 1፣ ሐሙስ፤ ኮኔቲከት

ቀኑን ሙሉ መንገድ ነበር፣ ጭጋግም ነበር። ዌስትብሩክ ላይ ቡና ጠጣን። የዓለም ትልቁ ስትራይፐር በዘንግ የተያዘው ከዚህ ፊት ለፊት ባለው ውሃ ነው፣ በኦገስት 4፣ 2011 ማታ። ግሬግ ማየርሰን የሚባል ሰው በእባብ ዓሣ ያዘው፣ 81.88 ፓውንድ መዘነ። ሠላሳ ሰባት ኪሎ! ቡና ቤቱ ውስጥ ያገኘነው ሽማግሌ እንዲህ ያለ ዓሣ በዕድሜዬ ደግሜ አልጠብቅም አለን። ስለዘንድሮ ስንጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። እሱ አሁን የሚሄደው ከልጅ ልጁ ጋር ነው፣ ልጁ የሚፈልገው ደግሞ ትንንሾቹን ነው፣ ቶሎ ቶሎ የሚነክሱትን። «እነሱ ናቸው የጠፉብኝ» አለ።

ሜይ 2፣ ዓርብ፤ ኬፕ ኮድ ካናል

ደረስን። እኔ ካናሉን ሳይ ሦስተኛዬ ነው፣ ጋሼ አሥረኛቸው ይሆናል።

ኬፕ ኮድ ካናል በ1914 የተከፈተ፣ ሁለት የባሕር ወሽመጦችን የሚያገናኝ ሰው ሠራሽ ቦይ ነው። ርዝመቱ ሰባት ማይል ገደማ ነው። በሁለቱም ዳር አስፋልት አለ፣ መኪና አይገባበትም፣ አጥማጁ ዘንጉን ብስክሌት ላይ አስሮ ነው የሚሄደው። ከዳር እስከ ውሃው ድንጋይ ነው፣ ያዳልጣል። ውሃው ግን እንደ ወንዝ ይሮጣል፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ወደ አንድ ወገን፣ ከዚያ ይቆማል፣ ዞሮ ስድስት ሰዓት ወደ ሌላው። ዓሣው ጅረቱን ይዞ ይመጣል። የውሃው መዞሪያ ከጎህ ጋር የሚገጥምባቸው ቀኖች አሉ፣ ለነዚያ ቀኖች ሰው ከሥራው ፈቃድ ይወስዳል።

ቦርንዴል ላይ ሄሪንጎቹ ከካናሉ ወጥተው በትንሽ ጅረት ወደ ሐይቅ ሲወጡ አየን። ደረጃ በደረጃ እየዘለሉ። ሄሪንግ ካለ ስትራይፐር ሩቅ አይደለም።

ማታ ላይ ከኬፕ ቨርዴ የመጡ አንድ ትልቅ ሰው ጋር ተቀመጥን። ይሄ የማሳቹሴትስ ክፍል የኬፕ ቨርዴ ሰው የሞላበት ነው፣ ከዓሣ ነባሪ አደን ዘመን ጀምሮ። ከአፍሪካ ናችሁ ወይ አሉን፣ ቡና ከፔርሙሳቸው ቀዱልን። ሃያ ስድስት ዓመት የጻፉበት ደብተር አላቸው። ቀን፣ የውሃው አቅጣጫ፣ ስንት ትልቅ፣ ስንት ትንሽ። ገጹን ለጋሼ ገልጠው አሳዩ። በ2014 ጸደይ፣ የ2011ዶቹ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው፣ የትንሹ ዓምድ 30፣ 41፣ 38 ይላል፣ በአንድ ጠዋት። ባለፈው ዓመት 2 ይላል። 0 ይላል። 1 ይላል።

«ትንቢቴ ይሄ ነው» አሉ ደብተሩን እየዘጉ። «ሜይና ጁን ላይ ሰው ይደሰታል። ትልቅ ዓሣ ይያዛል። ሦስት ዓመት ቆይታችሁ ተመለሱ።»

ጋሼ ስለ 1985 ነገሯቸው። ሰውዬውም ያስታውሳሉ። ከዚያ ሁለቱ ሽማግሎች በደንብ ባልተገጣጠመ እንግሊዝኛ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አወሩ፣ እኔ ዝም ብዬ ውሃውን አየሁ። የቆየ ነገር ነው የሚያወሩት። በዚህ አገር፣ በዚሁ ማሳቹሴትስ፣ በ1639 ነው ስትራይፐርን ለእርሻ ማዳበሪያ ማድረግ የተከለከለው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሰው ስለዚህ ዓሣ ሲጨነቅ ኖሯል፣ እያንዳንዱ ትውልድም አይቶት ነው የሚያልፈው።

ሜይ 3፣ ቅዳሜ፤ ካናሉ፣ ከዚያ ወደ ቤት

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳን። ጎህ ሳይቀድ ድንጋዩ ላይ ነበርን፣ በግራም በቀኝም የራስ መብራት ይታያል። ውሃው ዞረ። ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም። ከዚያ ከኛ በታች ካሉት ሰዎች አንዱ ጮኸ፣ የመጀመሪያው የዓመቱ ዓሣ ነው። ቀጥሎ ጋሼ። ትንሽ ናት፣ 16 ኢንች፣ ንጹሕ፣ ጀርባዋ ወይን ጠጅ የሚመስል፣ ከባሕር ገና የገባች። ጋሼ ድንጋዩ ላይ ተንበርክከው መንጠቆውን አወጡላት። ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ስማቸውን ያልጠየቅኳቸው የኬፕ ቨርዴው ሰውዬ ከላይ ቆመው ደብተራቸውን አወጡ።

እስከ 2 ሰዓት ከኛ አካባቢ ዘጠኝ ተያዘ። ዘጠኙም ትንንሽ። ገና የወቅቱ መጀመሪያ ስለሆነ ዘጠኝ ምንም አያሳይም፣ ደብተሩ ላይ ግን 9 ተብሎ ሲጻፍ ስናይ ጋሼ እጄን ጨበጡኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ደላዌር ድልድይ ላይ ጠየቁኝ። «አንተስ ምን ትላለህ?» ያሰብኩትን ነገርኳቸው። ዘንድሮ ጸደዩም መኸሩም ጥሩ ይሆናል፣ በተለይ ትልቅ ዓሣ ለሚፈልግ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እየሳሳ ይሄዳል። የሚመለከተው ኮሚሽን እስከ 2029 ዓሣው እንዲያገግም አቅዷል፣ እኔ ጫጩቶቹን ሳይ በሰዓቱ ይደርሳል ብዬ አላምንም፣ አንድ ሁለት ቀዝቃዛ ክረምት ካልመጣ በቀር። ሜይ 16 እኛ ጋ ሲከፈት እሄዳለሁ፣ ግን ዘንድሮ አንድም ሮክፊሽ ቤቴ አላስገባም።

«እኔም» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «ታዲያ ልጆቹ ዓሣ ጉላሽ ሲሉ ምን ልንሰጣቸው ነው?»

ብሉ ካትፊሽ አልኳቸው። ፖቶማክ ሞልቶታል፣ ሜሪላንድ የፈለግነውን ያህል አውጡ ብላለች፣ የስትራይፐርንም ጫጩት ይበላል። ሥጋው ደግሞ ነጭ ነው፣ አጥንቱ ትንሽ ነው፣ ለዱለት ይሆናል።

ጋሼ ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበሉም። አምባዛ እንኳ ሐዋሳ ሳሉ በቤታቸው ገብቶ አያውቅም። ቦልቲሞር እስክንደርስ ዝም አሉ።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ አወጣልሃለሁ። የምትበላው አንተ ነህ። ቅዳሜ 11 ሰዓት ሌሊት መጥተህ ውሰደኝ።»